አራት መቶ ሠላሳ ሰባት

መዝገቦች በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይስማማሉ። ያን ጊዜ አብዛኛው የድሬዳዋ ሰው ፊቱን እየታጠበ ነው፤ የቀረውም ገና ከአልጋው አልወረደም። ነገሩ ድምፅ የለውም። ትናንት መዝገብ ከሚታይባቸው ሰሌዳዎች አንዱ አንድ ነገር፣ ሌላው ሌላ ነገር ብሎ ከነበረ፣ ሲነጋ ሁለቱም ያንኑ ይላሉ። የአንዱ የትምህርት ማስረጃ አንድ ዓመት ይቀንሳል፤ የሌላዋ ልደት በሦስት ቀን ይገፋል። ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንዴት አደርክ?» ካሉ በኋላ «ምን ተስማማ?» ይባባላሉ። መልሱ «ምንም፣ ደህና ነው» ነው። ይለመዳል።

ሶልያና በሰሌዳዋ ላይ ባለው የሠርጓ ፎቶግራፍ አሁን የቆመችው ከአንድ የአበባ ማስቀመጫ ጎን ነው። ቀኝ ክንዷ ሰው እንደያዘ ታጥፏል፤ የያዘችው ሰው ግን የለም። ባሏ ያፌት ከፎቶው የወጣው በተፈረደበት ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ ነው። «ለቤተሰቡ ክብር ሲባል ተስማምቷል» የሚል ማስታወሻ ደርሷት ነበር። በማግስቱ ማስታወሻውም አልነበረም።

ያፌት ወንዝ ጠባቂ ነበር። የደቻቱ ወንዝ ወደ ከተማው ከመግባቱ በፊት ባለው አለት ላይ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ የውኃውን ከፍታ ይከታተል ነበር። ወንዙ በዓመት አሥር ወር አሸዋ ብቻ ስለሆነ ጊዜ ነበረው። በዚያ ጊዜ የቁጥር አምፖል ይሠራል፤ ከመቶ ዓመት በፊት በነበሩ የመለኪያ ዕቃዎች ላይ ይታይ የነበረውን ዓይነት። ቁጥሮቹን ከስስ ብረት በመቀስና በሞረድ ያወጣቸዋል፤ አንዱን ከአንዱ ኋላ ደርድሮ ብርጭቆ ውስጥ ይከታቸዋል፤ አየሩን መጥጦ ያወጣና ትንሽ የኒዮን ጋዝ ያስገባል። ኤሌክትሪክ የደረሰው ቁጥር ብቻ በብርቱካን ቀለም ይበራል፤ ሌሎቹ ከፊቱና ከኋላው እንደ ሸረሪት ድር ቆመው ይቀራሉ።

በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ሰው ስለነበር ቁጥሮቹን በግእዝ ሠራቸው። አምፖሎቹ አራት ነበሩ፦ መቶዎቹን የሚቆጥረው፣ ፻ ብቻ ያለበት፣ የአሥሮቹ፣ የአንዶቹ። ከወንዙ መለኪያ በሚመጣው ሽቦ ላይ ቀጠላቸው። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውምና ወንዙ ደረቅ ሲሆን አንዱም አምፖል አይበራም። «ወንዙ ሲተኛ እነሱም ይተኛሉ» ይል ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ወረደ። ሕጉ ግልጽ ነበር፤ ውኃው ሦስት መቶ ሃምሳ ሳንቲሜትር ሲደርስ የአደጋ ሳይረን ይጮኻል፤ ከወንዙ ዳር ያሉት የስፌት አዳራሾችና ገበያው ባዶ ይሆናሉ። ሳይረኑን ግን ጠባቂው በራሱ አያስነሳውም፤ በዋናው ቢሮ ያለው ተረኛ መሐንዲስ መፍቀድ አለበት። ያፌት ስልክ ደወለ። «ጠብቅ» ተባለ፤ አዳራሾቹ የዕለቱን ሥራ አልጨረሱም። እንደገና ደወለ። አራት ጊዜ ደወለ። በመጨረሻ ውኃው መለኪያውን ከነብረቱ ነቅሎ ወሰደው። ሠላሳ አንድ ሰው ሞተ።

በማግስቱ ማለዳ መዝገቦች ተስማሙ። መለኪያው ከመሰበሩ በፊት ያሳየው የመጨረሻ ከፍታ ሁለት መቶ ሰማንያ ነው አሉ። ከጠባቂው የመጣ ጥሪ የለም አሉ። የመጣው ድንገተኛ ማዕበል ነበር፤ ጠባቂው ባይተኛ ኖሮ በዓይኑ አይቶ ያስጠነቅቅ ነበር። ያፌት አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ከተማው «አንቀላፊው» አለው።

እሱ ችሎት ፊት የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አምፖሎቼን ሂዱና እዩ።» ቁጥሩን የሚይዙለት ትንንሽ የብረት ማብሪያዎች ነበሩ፤ አዲስ ቁጥር እስኪመጣላቸው ድረስ የያዙትን አይለቁም። ችሎቱ በእጅ የተሠራ አምፖል የተመዘገበ መለኪያ አይደለም ብሎ አለፈው። ጎጆዋ ታሸገች። ጣሪያዋ ላይ ያለውን የፀሐይ ሰሌዳ ማንም አልነካውም።

ሶልያና አራት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ወደ አለቱ ትወጣ ነበር። ዓይኗን ከመስኮቱ መዝጊያ ስንጥቅ ላይ ታስጠጋለች። የሚታያት ማዶ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ ብርቱካንማ ብርሃን አለ። ቁጥሩ አይታይም። ከዚያ እስር ቤት ትሄዳለች።

«አለ?» ይላታል ያፌት።

«አለ» ትለዋለች።

አንድ እሑድ ስትወጣ ጎጆዋ አልነበረችም። መሬቱ ተደልድሏል፤ የማብሪያዎቹ ሳጥን ተጨፍልቆ ከቆርቆሮው ጋር ተደበላልቋል፤ አምፖሎቹ የሉም። ያን ቀንም «አለ?» አላት። «አለ» አለችው። ያፌት በዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ፤ እስኪሞት ድረስ በየሳምንቱ «አለ» እያለችው።

የያፌትን መሣሪያዎች አውጥታ ብርጭቆ መንፋት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ በአሮጌው የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ የብርጭቆ ማኅበር አለ፤ ሃያ ምናምን አምፖል ሠሪዎች። ያስተማራት የማኅበሩ ጸሐፊ ሐምዛ ነበር፤ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ የጋዝ እሳት የበላበት፣ ሲስቅ የጣሪያው ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥለት ሰው።

«አቦ፣ ቀስ! ብርጭቆ ነው እንጂ ጠላትሽ አይደለም» ይላት ነበር።

«ጠላቴን እንዲህ ቢያሞቁልኝ ደስ ባለኝ።»

«ደግሞ ቶሎ አታውጪው። ቸኩሎ የቀዘቀዘ ብርጭቆ በማግስቱ ይሰነጠቃል። ቀስ፣ ቀስ እያለ ይብረድ።»

ይህን ትምህርት ከሁሉም በላይ ያዘችው።

ሌላም አስተማራት። በአምፖል ውስጥ አንድ ቁጥር ለብዙ ጊዜ ብቻውን ሲበራ፣ ከብረቱ የሚነሣው ደቃቅ ነገር በጎረቤቶቹ ላይ ያርፋል። እነሱ ይጠለሻሉ፤ በኋላ ቢያበሯቸው ቦታ ቦታቸው ጨለማ ነው። ሲበራ የኖረው ግን ሙሉ ሆኖ ይቀራል።

ማኅበሩ አንድ ልማድ ነበረው። ማንኛውም አምፖል ወደ ዓመቱ ዐውደ ርዕይ ከመግባቱ በፊት በሰው ፊት ይቆጠራል። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ይበራሉ፤ ባለቤቱ ራሱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ «ሙሉ» ወይም «የጠለሸ»። ሐምዛ በወረቀት መዝገብ ላይ በብዕር ይጽፋል፤ ባለቤቱ በየአምፖሉ ሥር ይፈርማል። የወረቀቱ መዝገብ ከምንም ነገር ጋር አይስማማም። ፍርድ ቤት እንኳ ከሰሌዳ ውጭ የሚቀበለው የዚህን ዓይነቱን ብቻ ነበር፤ ባለቤት ስለ ገዛ ዕቃው ወዶ የተናገረውንና በእጁ የፈረመውን።

ጥሪው የመጣላት በጥር ወር ነው። ጠሪው ኢንጂነር ኪሩቤል፣ የወንዝ ጥበቃው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበር። የጎርፉ ቀን ተረኛ መሐንዲስም እሱ ነበር። ይህን ከተማው አያውቅም፤ ተረኛው ማን እንደነበር መዝገቡ አይናገርም። ሶልያና የምታውቀው ያፌት ስለነገራት ነው። ስሙ መዝገቡ ላይ ስላልነበረ ኪሩቤል ለምስክርነት አልተጠራም፤ ስላልተጠራም ያፌት ስለ አምፖሎቹ የተናገረውን አልሰማም። የተናገረውም ቢሆን በማግስቱ ተስማምቶ ጠፍቷል።

እሱም እሷን አያውቃትም። በዚህ አገር ሚስት በባሏ ስም አትጠራም። በሰሌዳው ላይ ሶልያና የአባቷ ልጅ ናት፤ በፎቶዋ ላይ ደግሞ ያገባችው የአበባ ማስቀመጫ ነው።

ቤቱ ከወንዙ ዳር፣ ከእሷ ቤት ትይዩ ማዶ ነበር፤ ሰፊ በረንዳ ያለው።

«ወይዘሮ ሶልያና እርስዎ ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ። እጅዎ ወርቅ ነው ብለውኛል።»

«ብርጭቆ ነው፣ ኢንጂነር።»

ሳቀ። ስድሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጥርሱ የሚያምር፣ እንግዳውን በሩ ድረስ ወጥቶ የሚቀበል ሰው ነው። ሳሎኑ የሰበሰባቸው አሮጌ ዕቃዎች ማሳያ ነበር፤ የእጅ ሚዛን፣ የባቡር ፋኖስ፣ የቴሌግራም መምቻ። መካከለኛው ግድግዳ ላይ፣ በወይራ እንጨት ተለብጠው፣ አራት አምፖሎች ቆመዋል።

«ይሄ የልቤ ነው» አለ። «የወንዝ ጠባቂው ጎጆ ሲፈርስ ራሴ ነኝ ያዳንኩት። መብራቱን ከውጭ አስቆረጥኩና፣ በገዛ እጄ ነቅዬ አወጣሁት። ሰውዬው፣ ነፍሱን ይማረው፣ ወንዙን ትቶ ይህን ሲጠፈጥፍ ነበር የሚውለው። ግን እጅ ነበረው። እውነቱን መናገር አለብን።»

«እውነቱን መናገር ጥሩ ነው» አለች ሶልያና።

የ፻ው ግራ እግር ትንሽ ታጥፏል። ያፌት ሲቆርጠው መቀሱ አንሸራቶት ነበር፤ «ተይው፣ ያነክስ» ብሏት በአጠገቧ ሆኖ ብርጭቆውን ዘጋበት።

«ሰዓት እንዲያሳይ ላስደርገው ፈልጌ ነበር፤ ቁጥሮቹ ግን ታመዋል» አለ ኪሩቤል። «ይታጠባሉ አሉኝ። ይቻላል?»

«ልያቸው።»

ሽቦዎቹን ፈታችና ከቦርሳዋ ያወጣችውን የመሞከሪያ ሳጥን አገናኘች። መጀመሪያ የመቶዎቹን አምፖል ያዘች። ፪ን አበራች፤ ግማሹ ጨለማ ነው። ፫ አናቱ ብቻ በራ። ፬ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነበር። ፭ የጠለሸ። ፮፣ ፯፣ ፰፣ ፱ የጠለሹ። ወደ አሥሮቹ አለፈች። ፲፣ ፳ የጠለሹ። ፴ ሙሉ። ሌሎቹ ሁሉ ከእሳት እንደወጣ ወረቀት ነበሩ። ከአንዶቹ ውስጥ የተረፈው ፯ ብቻ ነው።

አራት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ከስንጥቁ ላይ አስጠግታ ያላየችው ቁጥር ይህ ነበር። ውኃው መለኪያውን ነቅሎ ከመውሰዱ በፊት አራት መቶ ሠላሳ ሰባት ደርሶ ነበር። ያፌት አልተኛም።

የመሞከሪያውን ሽቦ ቀስ ብላ ነቀለች። መቶ ሰባ ቮልት ይዞ የሚቸኩል እጅ ብዙ አይቆይም።

«እህ?» አለ ኪሩቤል ከኋላዋ።

«ይታጠባሉ። አንድ ሳምንት ከፍ ያለ ኤሌክትሪክ ቢሰጣቸው ይጸዳሉ። ግን...»

«ግን ምን?»

«ከታጠበ በኋላ ‹ያልተነካ› አይባልም። ዐውደ ርዕዩ ላይ ዋናው ሽልማት ያልተነካ ለሚባለው ነው። ጥላሸቱ ዕድሜው ነው፣ ኢንጂነር። የታጠበውን ማንም ዞሮ አያየውም።»

ኪሩቤል አምፖሎቹን ተመለከተ። «አለመነካቱ በምን ይረጋገጣል?»

«በእርስዎ ቃል። በቆጠራው ቀን በሰው ሁሉ ፊት ቆመው፣ ራስዎ አንብበው ይፈርማሉ።»

«እኔ ራሴ?» አለ። ደስ ብሎታል።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሌሎቹ ሠሪዎች ለምሳ ሲወጡ፣ ሶልያና ወደ ኋላ ቀርታ ነገሩን ሁሉ ለሐምዛ ነገረችው። ሐምዛ እሳቱን አጠፋ።

«የእህቴ ልጅ ሁለተኛው የስፌት አዳራሽ ውስጥ ነበረች» አለ። «ስድስት ዓመት አስተማርኩሽ። አንድ ቀን ‹ተኝቶ ነበር ወይ?› ብዬሽ አላውቅም።»

«ለምን?»

«‹አዎ› እንዳትይኝ ፈርቼ ነዋ።» አፍንጫውን ጠረገ። «ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ራሱ ይነግርሃል።»

«አቦ ተይ እንጂ! ለኔም?»

«ጸሐፊው አንተ ነህ። አውቀህ ከጻፍክ ተመካክራችሁ ነው ይላሉ። ከአፉ ስማው።»

«ቀድሞ ቢገባውስ? ዕቃው የሱ ነው። አንድ መዶሻ ይበቃዋል።»

«ለዚህ ነው ቀስ እያልኩ የማበርደው።»

ሦስት ወር በየሐሙሱ እየሄደች አምፖሎቹን ተንከባከበች። አቧራቸውን ትጠርጋለች፤ ለቆጠራው የሚሆን ባለ ብዙ ቁልፍ ሳጥን ትገጥማለች። ኪሩቤል ከጎኗ ተቀምጦ ስለ ጨረታዎችና ስለ ሌሎች ሰብሳቢዎች ቅናት ያወራታል። አንድ ቀን ስለ ጎርፉም አነሣ። «ከባድ ቀን ነበር። ሰው ግን ይረሳል፤ መርሳትም ጥሩ ነው» አለ። ሶልያና የ፻ውን ብርጭቆ በጨርቅ እያሸች «ብርጭቆ ሲጸዳ ደስ ይላል» አለችው። ከዚያ ቤት ስትወጣ ሁልጊዜ እጇን ወንዙ ዳር ባለው ቧንቧ እስከ ክርኗ ትታጠብ ነበር።

ዐውደ ርዕዩ የሚያዝያ የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተከፈተ። የወርክሾፑ ሁለት በሮች ተከፍተው ፀሐይ እስከ መሐል ገብታለች። ሐምዛ የሟች ቤተሰቦችን በየቤታቸው እየዞረ በአፉ ጠርቷቸው ነበር፤ በሰሌዳ አይደለም። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም። ከኋላ፣ ከባቡሩ ጎማዎች አጠገብ ቆሙ። ከፊታቸው ዘይነባ ነበረች፤ ሁለት ልጆቿን ያጣች፣ አሥራ አንድ ዓመት የሶልያናን ሰላምታ ያልመለሰች ጎረቤቷ።

ኪሩቤል አመድማ ሱፍ ለብሶ ከጠረጴዛው ፊት ቆመ። ሶልያና ከሳጥኑ ጀርባ ተቀመጠች።

«የማን ነው?» አለ ሐምዛ እንደ ልማዱ።

«የእኔ፣ የኪሩቤል።»

«ከየት ተገኘ?»

«ከደቻቱ ወንዝ ጠባቂ ጎጆ። ራሴ ነኝ ያወጣሁት።»

«ከጎርፉ ወዲህ አምፖል ተቀይሮለታል? ተከፍቷል? ታጥቧል?»

«አልተነካም» አለ ኪሩቤል ጮክ ብሎ። «እንደነበረ ነው።» ፈረመ። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ።

ሶልያና የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነች።

«፪፣ የጠለሸ» አነበበ ኪሩቤል። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ንግግር የለመደ ሰው ነው። «፫፣ የጠለሸ። ፬፣ ሙሉ። ፭፣ የጠለሸ...» እስከ ፱ ደረሰ። ፈረመ።

አምፖል ሠሪዎቹ ከባለቤቱ ቀድሞ ገባቸው። አንዱ መነጽሩን አወለቀ። ሌላው የጓደኛውን ክርን ነካ አደረገ፤ «አንድ ቁጥር ላይ ቆሞ የኖረ ነው» ሲል ተሰማ። ሹክሹክታው ወደ ኋላ፣ ወደ ጎማዎቹ ሄደ።

ሁለተኛው አምፖል ላይ ያለው ፻ ብቻ ስለሆነ ሙሉ ነበር። ፈረመ።

«፲፣ የጠለሸ» አለ በሦስተኛው። «፳፣ የጠለሸ።»

ሶልያና ሦስተኛውን ቁልፍ ተጫነች። ፴ በብርጭቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ በራ። ኪሩቤል አፉን ከፈተና ቆመ። ዓይኑ ወደ ወረቀቱ ወረደ። ሐምዛ «፬ ሙሉ፣ ፻ ሙሉ» ብሎ በትልልቁ ጽፎ ነበር።

«ያንብቡ እንጂ፣ ኢንጂነር።»

«ይህኛው... ሙሉ ነው ለማለት ትንሽ ያስቸግራል።»

«አቦ፣ ዓይንዎን ይታዩ!» አለ አንድ ሰው፤ ቤቱ ሳቀ። ከኋላ ግን ማንም አልሳቀም።

የቆመው በሰው መካከል ነው። አንብቦ ካልጨረሰ ለምን እንዳልጨረሰ ሊጠየቅ ነው። «ሙሉ» አለ በቀጭኑ። የቀሩትን አሥሮች ቶሎ ቶሎ አነበበ። ሐምዛ ወረቀቱን አዞረለት። ብዕሩን ይዞ ቆየና ፈረመ፤ ፊርማው ከላይኞቹ ያነሰ ነበር።

«ዋናው ታይቷል፤ ይበቃል» አለ። «የቀረውን ከሰዓት በኋላ...»

«ቆጠራ አይቋረጥም» አለ ሐምዛ። «የተቋረጠ እንደሆነ ‹ባለቤቱ ፈራ› ተብሎ ነው የሚጻፈው።»

ኪሩቤል ወደ ሳጥኑ ዞረ። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን በደንብ ያየው ያኔ ነው።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የያፌት ሚስት ነኝ» አለች ሶልያና። «አንብብ።»

ቁልፎቹን ሳትቸኩል ተጫነች። ፩ በራ፤ ፪፣ ፫፣ ፬፣ ፭፣ ፮ በሩ። ኪሩቤል አላነበበም። እያንዳንዱ ግማሽ ጎኑ ጨልሞ እየበራ ጠፋ። ከዚያ ፯ን አበራች፤ ጣቷንም ከቁልፉ ላይ አላነሣችም። ብርቱካኑ ቀለም በኪሩቤል ሸሚዝ ላይ አረፈ።

«ሙሉ ነው» አለች ዘይነባ ከኋላ።

ዞር ያለ የለም። ሐምዛ ብዕሩን እንደያዘ ነበር። «እኔ የምጽፈው ባለቤቱ ሲናገር ነው» አለ።

«ሰባቱን ይተወው» አለች ሶልያና። «አራት መቶ ሠላሳውን ፈርሟል። ሳይረኑ የሚጮኸው በሦስት መቶ ሃምሳ ነበር።» ከዚያ ወደ ኪሩቤል ተመለከተች። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና ሂድ። ስንት ጊዜ ደወለልህ?»

ኪሩቤል ወደ በሩ አየ። በሁለቱም በሮች ሰው ሞልቷል፤ ማንም እጁን አላነሣም። ጠረጴዛው ላይ የሐምዛ ትንሽ መዶሻ ነበረች፤ ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ፤ ከዚያ አራቱ ፊርማዎች ላይ። አምፖሉን መስበር ትርጉም እንዳጣ በፊቱ ላይ ሲያልፍ ሶልያና አየች። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ይህንን ነበር። እንዳሰበችው ጣፋጭ ነበር።

«አራት» አለ።

«ጮክ በል። ወይዘሮ ዘይነባ ጆሮዋ ከባድ ነው።»

«አራት ጊዜ።»

ሐምዛ ጻፈው።

በማግስቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መዝገቦች ተስማሙ። «ዐውደ ርዕዩ በደማቅ ሁኔታ ተጠናቀቀ፤ ኢንጂነር ኪሩቤል የዓመቱን ሽልማት ወሰዱ» አሉ። ወረቀቱ ግን በሐምዛ እጅ ነበር፤ አምስት አምፖል ሠሪዎችም ጥላሸት እንዴት እንደሚነበብ ችሎት ቀርበው አስረዱ። ነገሩ ከዓመት በላይ ፈጀ። የያፌት ፍርድ ተሻረ። ኪሩቤል ስለ ጤናው ታስቦለት ከገዛ ቤቱ ሳይወጣ የሚቆጥረው ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት።

ውሳኔው በተሰማ በሦስተኛው ቀን ያፌት ወደ ሠርጉ ፎቶ ተመለሰ። ፊቱ ግን የሱ አልነበረም፤ ከሌላ ቦታ ያመጡት መልከ መልካም ሰው ነበር። ሶልያና ለአፍታ አየችውና ፎቶውን ለዘለዓለም አጠፋችው። አበባው ይሻል ነበር።

አምፖሎቹ የያፌት ወራሽ ናት ተብሎ ለእሷ ተሰጡ። ወንዙ ውስጥ አዲስ መለኪያ አስተክላ ሽቦውን እስከ ቤቷ ጣሪያ አመጣችው፤ አራቱንም ከድልድዩም ሆነ ከማዶው በረንዳ በሚታዩበት ቦታ አቆመቻቸው። አሸዋው ደረቅ ነበርና አልበሩም። የወንዝ ዳር ሰው ሰሌዳውን ትቶ ወደ ጣሪያዋ ማየት ጀመረ። ዘይነባ በየማለዳው ስታልፍ ቀና ትልና «ተኝቷል?» ትላለች። «ተኝቷል» ትላታለች ሶልያና። ሰላምታቸው ይህ ሆነ።

የቀበሌው ሰዎች መጥተው ቁጥሮቹ ከሩቅ እንዲነበቡ ታጥባቸው እንደሆነ ጠየቋት። ሐምዛም ጠየቃት።

«አንድ ሳምንት ነው የሚፈጀው። እኔ አጥብልሻለሁ። አሁንማ ምን ያደርግልሻል? በቃሽ እኮ፣ አቦ።»

«ማንበብ የፈለገ ቀረብ ይበል።»

በሰኔ አጋማሽ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ውኃ መጣ። ሶልያና ወንበር አውጥታ ጣሪያው ላይ ተቀመጠች። ፰ በራ፤ ግማሹ። ፲ በራ፤ እንደታመመ። ፳ መኖሩ እንኳ በግድ ነው የሚታወቀው። በድልድዩ ላይ የቆሙት ሰዎች ዓይናቸውን እያጠበቡ ያነባሉ። ከዚያ ውኃው ሠላሳ ደረሰና ፴ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ሆኖ በራ። ጥቂት ቆይቶ ፯ ከጎኑ በራ። ሁለቱ ብቻ፣ ጥርት ብለው፣ በቀን ብርሃን ከማዶ ታዩ። ድልድዩ ላይ ያሉት ሰዎች ቁጥሩን ካነበቡ በኋላ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ኪሩቤል በረንዳ አዞሩ።

በረንዳው ላይ የነበረው ሰው ተነሥቶ ገባ። መጋረጃው ተሳበ።

ሶልያና እግሮቿን ዘረጋች። ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር።